«አይሰፋም» የተባለው ትከሻ፦ ከቦስተን እስከ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ

በሴንት ፖል ከተማ፣ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ እንጀራውን የሚያበስለው በአብዛኛው በትከሻው ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በሽተኛ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር የምታሸጋግረው ነርሲንግ አሲስታንት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ እያነሣ መኪናው ውስጥ የሚከተው ታክሲ ነጂ፣ በመጋዘን ካርቶን ከራሱ በላይ ሲደረድር የሚያድረው፣ ሌሊቱን ሙሉ የቢሮ ወለል ሲወለውል የሚነጋበት፣ ሁሉም ቀስ በቀስ የሚያልቅባቸው ያው አንዱ መገጣጠሚያ ነው።

ሰፈሩም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የጉልበት ሠራተኛ ሰፈር ነው። ስለ ስሙ የሚነገረው ብዙ ቢሆንም ከሁሉ የሚዘወተረው፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሰፈሩበት ጀርመኖች በረግረጉ ውስጥ የሚጮኸውን እንቁራሪት ሰምተው «ፍሮሽቡርግ» አሉት የሚለው ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመኑ፣ ፖላንዱና አይሪሹ በባቡር ኩባንያዎች መጠገኛ ጋራዥ ብረት ሲሸከም ኖረ። ከ1975 ወዲህ ሕሞንጎችና ቬትናሞች መጡ፤ ከእነሱም ቀጥሎ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኛ ገባ። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ሸክሙ ያው ሸክም ነው።

ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ፣ ማታ ማታ ትከሻው እንቅልፍ ሲነሣው፣ ቀን ደግሞ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልወጣ ሲለው፣ ወራት አሳልፎ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። ሐኪሙ ኤም አር አይ ካስነሣው በኋላ «ሮቴተር ከፍ» የሚባለው ተበጥሷል፣ በዚያ ላይ «ኢሪፔረብል» ነው ይለዋል። አስተርጓሚ ካለ ቃሉን «አይጠገንም» ብሎ ይመልሰዋል። በሽተኛው ይህን ሲሰማ ክንዱ እንደ ሞተ፣ ከእንግዲህም የሚደረግለት ነገር እንደሌለ አድርጎ ይረዳዋል። የቀዶ ሐኪሙ ቃል ግን ከዚህ በጣም የጠበበ ነው። የተበጠሰው ጅማት ተስቦ ወደ ጥንት ቦታው ተመልሶ ሊሰፋ አይችልም፣ ወይም ቢሰፋም አይጸናም ማለት ብቻ ነው። በ«አይሰፋም» እና በ«ምንም አይደረግለትም» መካከል ያለው ርቀት ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ አለው። ታሪኩን ማወቅ ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ፊት ተቀምጦ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ የሚያስተምረው እሱ ነውና።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደሆነ። የክንድ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ኳሱ የሚያርፍበት የትከሻ አጥንት ግን ጥልቅ ጉድጓድ የለውም፤ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ሳህን በጥቂቱ ገባ ያለ ነው። ትከሻ ከሌላው መገጣጠሚያ ሁሉ በላይ ወደ ፈለገበት የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በቀላሉ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኳሱ ከሳህኑ ላይ እንዳይንሸራተት አራት ጡንቻዎች ከፊት፣ ከላይና ከኋላ መጥተው በጅማቶቻቸው አቅፈው ይይዙታል። ሮቴተር ከፍ የሚባለው ይህ የአራቱ ጅማቶች እቅፍ ነው። ክንድ ሲነሣ ትከሻን ከውጭ የሸፈነው ትልቁ ጡንቻ፣ ዴልቶይድ፣ ወደ ላይ ይስባል፤ አራቱ ደግሞ ኳሱን ከሳህኑ ጋር አጣብቀው ይይዛሉ። እቅፉ ሲበጠስ ዴልቶይድ በከንቱ ይስባል። ክንዱ በመነሣት ፈንታ ኳሱ ራሱ ወደ ላይ ይሸሽና ከበላዩ ካለው አጥንት ጋር ይፋተጋል።

የተበጠሰ ጅማት እንደ ተበጠሰ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ይህ ብቻ ቢሆን ጎትቶ ማምጣት በተቻለ ነበር። ክፉው ነገር ሥራ የፈታው ጡንቻ ውስጥ የሚሆነው ነው። በ1994 ፈረንሳዊው ሐኪም ጉታልዬና ባልደረቦቹ በሲቲ ስካን እየተመለከቱ፣ ጅማቱ የተበጠሰበት ጡንቻ ሥጋው እየቀነሰ በስብ እንደሚተካ ከዜሮ እስከ አራት በደረጃ ከፍለው አሳዩ። ሦስተኛው ደረጃ ስቡና ሥጋው እኩል የሆኑበት፣ አራተኛው ስቡ የበለጠበት ነው። እንዲህ የሆነ ጡንቻ ጅማቱ ቢሰፋለትም ወደ ቀድሞው አይመለስም። እንግዲህ «አይሰፋም» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ በአደጋው ቀን የተፈረደ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ዝም በተባለባቸው ወራትና ዓመታት ተጠራቅሞ የመጣ ነው።

እርግጥ የተበጠሰ ጅማት ሁሉ ቢላዋ አይፈልግም። ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ ሰዎች መካከል ጅማታቸው ተቀድዶ ምንም ሳያማቸው የሚኖሩ ብዙዎች መሆናቸውን ኤም አር አይ ከመጣ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጅማት እንደ ልብስ በዕድሜ ይሳሳል። ስለዚህ ፎቶግራፉ ላይ መቀደድ ስለታየ ብቻ መደንገጥ አያስፈልግም። ከውድቀት ወይም ከከባድ ሸክም በኋላ በድንገት ክንድን ማንሣት ሲያቅት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ሳምንታት ይቆጠራሉ።

የቦስተኑ አስቸጋሪ ሐኪም

በትከሻ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ሊተረክለት የሚገባው ሰው ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን ነው። በ1869 በቦስተን ተወለደ፤ በሃርቫርድ ተማረ፤ በታላቁ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሆነ። የተበጠሰ የትከሻ ጅማት ከሱ በፊትም ታውቋል። ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1834 በሬሳ ላይ ያየውን ጽፎ ነበር። ኮድማን ግን ነገሩን ከሬሳ ክፍል አውጥቶ ወደ ሕያው ሠራተኛ አመጣው። ከላይ ያለውን ጅማት መልሶ ስለ መስፋት በ1911 ያሳተመው ጽሑፍ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ሁሉ ፊት ይጠቀሳል። በ1934 ያወጣው «ትከሻ» የተባለው መጽሐፉም ዛሬም ድረስ በሐኪሞች ዘንድ ስሙ ይነሣል።

ኮድማን ያጠናው የጌቶችን ትከሻ አልነበረም። ማሳቹሴትስ የሠራተኞች ካሣ ሕግ ባወጣች ዘመን፣ ወድቀው ክንዳቸው አልነሣ ያላቸው የጉልበት ሠራተኞች ወደ እሱ ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ «ተቀጥቅጧል እንጂ ምንም አልሆነም»፣ «ኒውራይቲስ ነው» ተብለው የተሰናበቱ ነበሩ። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን ስለማያሳይ የሠራተኛው ቃል ብቻውን ቀረ፤ የኩባንያው ኢንሹራንስም ሰውዬው ሥራ ጠልቶ ያስመሰለ አድርጎ ያየዋል። ኮድማን የጅማቱ መበጠስ በጉልበት ሠራተኞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ትከሻን ከሥራ ከሚያስቀሩ ምክንያቶች ዋነኛው መሆኑን፣ በጊዜ ካልተሰፋም ጊዜው እንደሚያልፍበት ተከራከረ። የዛሬው የፍሮግታውን ሠራተኛ ይህን ሲያነብ ስለ ራሱ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ኮድማንን የሚያስጠቅሰው ግን «የመጨረሻ ውጤት» ብሎ የሰየመው ሐሳቡ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሆስፒታል እያንዳንዱን በሽተኛ በካርድ መዝግቦ፣ ከዓመት በኋላ መልሶ ጠርቶ፣ ዳነ ወይስ አልዳነም፣ ካልዳነስ ጥፋቱ የማነው ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ለሕዝብ ያሳትም። ባልደረቦቹ ይህን አልወደዱለትም። እሱም ከሆስፒታሉ ለቀቀ፤ በራሱ ገንዘብ ትንሽ ሆስፒታል ከፍቶ ያለውን በራሱ ላይ ሠራበት። ከ1911 እስከ 1916 ከሆስፒታሉ ከወጡ 337 ሕመምተኞች ላይ 123 ስህተት እንደተፈጸመ ቆጥሮ በራሱ ስም አሳተመ። እንዲህ ያለ ሐኪም ዛሬም በቀላሉ አይገኝም።

በጥር ወር 1915 በቦስተን የሐኪሞች ስብሰባ ላይ አንድ ትልቅ የካርቱን ሥዕል ዘርግቶ አሳየ። የከተማው ሀብታም ሰፈር በሰጎን ተመስሏል፤ ሰጎኗ ራሷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ የወርቅ እንቁላሎቿን ወደ ሐኪሞቹ ትወረውራለች፤ የሆስፒታሉ ባለአደራዎች ደግሞ እውነቱ ቢነገራት እንቁላል መጣሏን ትተው ይሆን እያሉ ይጨነቃሉ። ስብሰባው ተረበሸ፤ ኮድማን ከሃርቫርድ ማስተማሩም ከማኅበሩ ሊቀ መንበርነቱም ተነሣ። በ1940 ሲሞት መቃብሩ ላይ ድንጋይ እንኳን አልቆመለትም። ድንጋዩ የቆመው በ2014 ሲሆን ያቆሙለትም በሥራው ያመኑ ሐኪሞች ናቸው። ከሱ በኋላ የመጣው የትከሻ ቀዶ ጥገና ታሪክ ሁሉ የሚለካው በዚሁ «ከዓመት በኋላስ?» በሚለው ጥያቄው ነው።

ወጌሻውና ቅባቱ

በአገር ቤት ትከሻ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ የሚናቅ አይደለም፤ የወለቀ ትከሻ በእጁ ስቦ ወደ ቦታው የሚመልስ ብልህ ወጌሻ በየወረዳው ነበረ፣ አለም። ጅማት ሲበጠስ ግን የሚመለስ አጥንት የለም። በቅቤ ታሽቶ፣ በጨርቅ ታስሮ፣ ሁለት ሳምንት ሲያርፍ ሕመሙ መለስ ይላል፤ ሰውየውም ዳንሁ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሕመሙ መለስ ያለው እብጠቱ ስለ ቀነሰ ነው፤ ጅማቱ ግን እንደ ተበጠሰ ነው። ይኸው ልማድ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲመጣ ቅቤው ከፋርማሲ በተገዛ ቅባትና በሕመም ማስታገሻ ኪኒን ተተክቷል። በሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ሐኪም ቤት ለመሄድ ቀን ከየት ታመጣለች? «ትንሽ ነው፣ ይለፋል» ትላለች። ጉታልዬ በደረጃ የከፈለው ስብ የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነው።

ኳሱና ሳህኑ ሲገለበጡ

ሰው ሠራሽ ትከሻ ከተሰፋው ጅማት ይበልጥ ያረጀ ታሪክ አለው። በ1893 የፓሪሱ ቀዶ ሐኪም ዡል ኤሚል ፔአን በቲቢ ትከሻው ለተበላ የ37 ዓመት ሰው፣ የጥርስ ሐኪም የሠራለትን ከፕላቲነምና ከጎማ የተበጀ መገጣጠሚያ አስገባለት። ሰውየው ሁለት ዓመት ያህል ሠራበት፤ ከዚያ አመርቅዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ነገሩ ተኛ። የኒው ዮርኩ ቻርልስ ኒር ለተሰባበረ የክንድ አጥንት ጫፍ የብረት ኳስ ሠርቶ ተሳካለት። ጅማቱ ለተበጠሰበት ትከሻ ግን ኳስ መቀየር ብቻውን አልፈየደም፤ የሚያቅፈው በሌለበት የብረቱም ኳስ እንደ አጥንቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ጅማቱ ጠፍቶ ኳሱ ሲፋተግ ኖሮ መገጣጠሚያው ሲፈርስ የሚመጣውን በሽታ ኒርና ባልደረቦቹ በ1983 ስም ሰጥተው ገለጹት። (ከሚኔሶታ አጠገብ ያለችው ዊስኮንሲን ለዚህ ዓይነት በሽታ ስም አውሳለች፤ በ1981 ዶክተር መካርቲ የገለጸው «የሚልዋኪ ትከሻ» ይባላል።)

ኒር በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ እንግዳ ሐሳብ ሞክሮ ነበር፦ ኳሱን በሳህኑ ቦታ፣ ሳህኑን በኳሱ ቦታ ማድረግ። እሱም ሌሎችም ሞክረው ብረቱ ከአጥንቱ እየተነቀለ አስቸገራቸው፤ ኒርም ተወው። መፍትሔውን ያገኘው በፈረንሳይ አገር በዲዦን ከተማ ይሠራ የነበረው ፖል ግራሞ ነው። ግራሞ ምሕንድስና የሚወድ ሐኪም ነበር። በ1985 ኳሱን ከትከሻ አጥንቱ ጋር አጣብቆ፣ የሚዞርበትን ነጥብ ወደ ውስጥና ወደ ታች አወረደው። ውጤቱ በደንብ ሲታሰብ ቀላል ነው። ነጥቡ ወደ ውስጥ ሲገባ ዴልቶይድ ረዘም ያለ ማንሻ ያገኛል፤ ክንዱ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ያው ጡንቻ ይወጠራል። ኳሱም ከአጥንቱ ጋር ስለ ተያያዘ ወደ ላይ የሚሸሽበት የለም። ስለዚህ የአራቱ ጅማቶች እቅፍ ሳይኖር ዴልቶይድ ብቻውን ክንዱን ያነሣል። የቀድሞዎቹ ሳይሳካላቸው የቀረው ኳሱን ከአጥንቱ አርቀው በማንጠልጠላቸው ነበር፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ እንደ መፍቻ ሆኖ ይነቅለው ነበር። ግራሞ በ1987 የመጀመሪያ ውጤቱን በጥቂት ሕመምተኞች ላይ አሳተመ፤ «ዴልታ ሦስት» የተባለው የተሻሻለው ሞዴል በ1991 ወጣ።

እዚህ ላይ የአሜሪካ ኗሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍ ዲ ኤ፣ ይህን የተገለበጠ ትከሻ የፈቀደው በ2003 ነው። ዲዦን ውስጥ ከተጀመረ 18 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1990ዎቹ በሴንት ፖል እንዲህ ያለ ትከሻ ይዞ ሐኪም ዘንድ የቀረበ ስደተኛ «ቻለው» ቢባል፣ ሐኪሙ ዋሽቶት ሳይሆን በእጁ ብዙ ነገር ስላልነበረ ነው። ያን ጊዜ የተነገረውን ቃል ይዞ እስከ ዛሬ የተቀመጠ ካለ ግን ያ ቃል ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ በአሜሪካ ከሚተኩት ትከሻዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ በተገለበጠው ዓይነት ነው።

ይሁንና ይህም የራሱ ልክ አለው። ሊያመረቅዝ፣ ሊወልቅ፣ የበላዩ አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከገባ በኋላ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ከባድ ነገር ማንሣትን ዕድሜ ልክ ይከለክላሉ። ከሁሉ በላይ የሚመከረው ዕድሜያቸው 70 አካባቢና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ክንዳቸውን ለማበጠሪያና ለማንኪያ ለሚፈልጉት ነው። ለልጅ ልጅ ማሳደግ ከአገር ቤት ለመጡ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሹሩባቸውን ራሳቸው ሊጠቀልሉ፣ ቡናቸውን ሊቀዱ ይችላሉ። በ45 ዓመቷ በሽተኛ እያነሣች ልጆች ለምታስተምረው ነርሲንግ አሲስታንት ግን መልሱ ግማሽ መልስ ነው። የዚህ ታሪክ እጅግ አስቸጋሪው ክፍል እሷ ናት።

ከፖሊዮና ከሥጋ ደዌ የተማሩት

ለእንደዚህ ያሉት የተፈለገው መፍትሔ ከሌላ በሽታ የተወሰደ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ኦስትሪያዊው ኒኮላዶኒ ሽባ የሆነን እግር ለማቃናት፣ ከደኅናው ጡንቻ ጅማት ወስዶ በሞተው ጡንቻ ቦታ ሰፋው። ከዚያ ወዲህ ይህ «ጅማት ማዛወር» የፖሊዮ ሕፃናት ተስፋ ሆነ። ከፍሮግታውን በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወደ ምሥራቅ፣ ከስቴቱ ምክር ቤት አልፎ የሚገኘው የጂሌት ሕፃናት ሆስፒታል የዚህ ዘመን ቅርስ ነው። በ1897 የሚኔሶታ ምክር ቤት አካለ ስንኩል ለሆኑ ሕፃናት በአሜሪካ የመጀመሪያውን የመንግሥት ሆስፒታል ሲያቆም፣ ጉዳዩን የገፋችው ራሷ አካል ጉዳተኛ የነበረችው የካርልተን ኮሌጅ ተማሪ ጄሲ ሃስኪንስና ዶክተር አርተር ጂሌት ነበሩ። በ1946 ፖሊዮ ሚኔሶታን ሲመታ የዓመቱ ታላቅ የስቴት ፌር ትዕይንት ሳይቀር ተሰርዟል።

አዲስ አበባም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም አላት። እንግሊዛዊው ፖል ብራንድ በሕንድ አገር በሥጋ ደዌ የታጠፉ ጣቶችን ጅማት በማዛወር ሲያቃና፣ ከዚያ በፊት ተስፋ የሌለው ይባል የነበረው እጅ ማንኪያ ያዘ፣ ጻፈ። በ1965 ዘነበወርቅ አጠገብ የተቋቋመው አለርት የዚህ ሙያ ማስተማሪያ ሆኖ ከመላው አፍሪካ ሐኪሞችን አሠልጥኗል። ዘነበወርቅን ሲሰማ በሽታውን ብቻ የሚያስታውስ ሰው፣ የአንድን ጡንቻ ሥራ ለሌላ ጡንቻ ማስተማር በዚያ ግቢ የዕለት ተግባር እንደነበረ ቢያውቅ መልካም ነው።

ይኸው ጥበብ ለተበጠሰ የትከሻ ጅማት የመጣው በ1988 ነው። ስዊዘርላንዳዊው ክርስቲያን ገርበር ከጀርባ ሰፊውን ጡንቻ ጫፉን ነቅሎ በትከሻው ኳስ አናት ላይ ሰፋው። ክንድን ወደ ታች ይስብ የነበረው ጡንቻ ክንድን ማዞርና ማንሣት ይማራል፤ ወራት የሚፈጅ ፊዚዮቴራፒ ይፈልጋል፤ ለሁሉም አይሠራም። ሌላው መንገድ የተጠናው ከፍሮግታውን 130 ኪሎ ሜትር ያህል በማይርቀው በሮቼስተሩ ማዮ ክሊኒክ ነው። በዚያ ይሠራ የነበረው ባሰም ኤልሀሰን የጀርባውን የላይኛውን ጡንቻ፣ ትራፒዝየስን፣ የታችኛውን ክፍል ከሟች በተለገሰ የተረከዝ ጅማት አስረዝሞ ወደ ትከሻው አደረሰውና ውጤቱን በ2016 አሳተመ። የተመረጠበት ምክንያት ይህ ጡንቻ ከጠፋው ጅማት ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚስብ ነው። በዕድሜ ላልገፋ፣ የመገጣጠሚያው ለስላሳ ሽፋን ገና ላልፈረሰበት ሠራተኛ ዛሬ ከሚቀርቡት ምርጫዎች አንዱ ይህ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ የሻገተውን ጠርጎ፣ የሚያሳምመውን የሁለት ራስ ጡንቻ ጅማት መቁረጥ ሕመምን ይቀንሳል፤ ኃይል ግን አይመልስም። የሊዮኑ ዢል ዋልሽና ባልደረቦቹ በ2005 ስለ 307 ትከሻዎች ያሳተሙት ይህንኑ ይመሰክራል። ጃፓናዊው ቴሩሂሳ ሚሃታ ደግሞ ከጭን የተወሰደ ጠንካራ ሽፋን አጣጥፎ በኳሱ አናት ላይ እንደ ጣሪያ ሰፋው፤ በ2013 ስለ 24 ትከሻዎች ያወጣው ውጤት ዓለምን አስደነቀ። በአሜሪካ ብዙዎች ከጭኑ ይልቅ ከሟች የተለገሰ ቆዳ ተጠቀሙ፤ ውጤቱም እንደ ሚሃታ አልሆነም።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የፊኛው ነገር ነው። በጨው ውኃ ተሞልቶ በኳሱና በበላዩ አጥንት መካከል የሚገባ፣ በኋላም ራሱ የሚሟሟ ፊኛ በእስራኤል ተሠርቶ፣ በ2021 ኤፍ ዲ ኤ ፈቀደው። ቀዶ ጥገናው አጭር በመሆኑ ብዙ ተወራለት። በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት 117 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ግማሾቹን ጠርጎ ፊኛ አስገባላቸው፣ ግማሾቹን ጠርጎ ብቻ ለቀቃቸው፤ ማን ምን እንደተደረገለት ሕመምተኞቹ አያውቁም። በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲታተም ፊኛ ያልገባላቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ ጥናቱም በአጋማሽ ቆመ። ይህን ያሳወቀው የኮድማን ጥያቄ ነው፤ ሕመምተኛው ከዓመት በኋላ ተጠይቋልና። እንግዲህ ሐኪሙን «ይህን ቀዶ ጥገና ስንት ጊዜ ሠርተዋል? እንደ እኔ ዕድሜና ሥራ ያላቸው ከዓመት በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለታላቅ ሰው ጥያቄ ማብዛት ድፍረት ነው ተብሎ ያደገ ሰው ይህን ማለት ይከብደዋል። ደኅና ሐኪም ግን ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል። ጥያቄውን በአማርኛ ለማቅረብም የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ ለልጁም ለወላጁም አይበጅም። በተለይ «ኢሪፔረብል» የሚለው ቃል በሚተረጎምበት ቀን።

ስለ ካሣው

ኮድማን የተዋጋለት የካሣ ነገር በሚኔሶታ የራሱ ታሪክ አለው። ስቴቱ የሠራተኞች ካሣ ሕግ ያወጣው በ1913 ነው። ለረጅም ጊዜ ግን ሕጉ የሚያውቀው አደጋን ነበር፤ ወደቀ፣ ተመታ፣ ተቆረጠ የሚባል። ቀስ በቀስ ያለቀ ትከሻ አደጋው መቼ ነው? በ1960 የሚኔሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጂሌት በሃሮልድ ላይ በተባለው ክስ፣ በዕለት ሥራዋ በመቆምና በመመላለስ እግሯ ለተጎዳ የመደብር ሠራተኛ ፈረደ። አንድ ትልቅ አደጋ ባይኖርም በየቀኑ የሚደርስ ትንንሽ ጉዳት ተጠራቅሞ ሰውን ከሥራ ካስቀረ የሥራ ጉዳት ነው አለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው በሚኔሶታ ጠበቆች ዘንድ «ጂሌት ኢንጁሪ» ይባላል። (ስሙ የመጣው ከባለ ጉዳይዋ እንጂ ከላይ ከተጠቀሰው ሆስፒታል አይደለም።) ለአሥር ዓመት በሽተኛ ሲያነሣ የኖረ ትከሻ በዚህ ስም ሊከራከር ይችላል። በ2007 ደግሞ የስቴቱ ምክር ቤት ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች በሽተኛን በሰው ጉልበት ከማንሣት ይልቅ በማንሻ መሣሪያ እንዲጠቀሙ ፕሮግራም እንዲያወጡ በሕግ አስገደደ። መሣሪያው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ ጥያቄ ማንሣት ሕጉ የሚደግፈው ነገር ነው።

ጉዳቱን ለአሠሪው በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ከብዙ ክርክር ያድናል፤ 180 ቀን ካለፈ ግን መብቱ በአብዛኛው ይቀራል። በጂሌት ኢንጁሪ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር አከራካሪ ስለሆነ ጠበቃ ማነጋገር ያስፈልጋል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ቢሆንና ግልባጩ ቤት ቢቀመጥ ይመረጣል። የካሣው ኢንሹራንስ በሚከፍልበት ጉዳይ ቀዶ ጥገና ሲታዘዝም ሠራተኛን አስገድዶ ማስደረግ እንደማይቻል የሚኔሶታ ሕግ በግልጽ ጽፏል። ሠራተኛው ቀዶ ጥገናው ያስፈልግ እንደሆነ ሌላ ሐኪም አይቶ እንዲነግረው ከፈለገ፣ የዚያን ሁለተኛ አስተያየት ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ነው።